የወተት ቀን፣ የአይብ ሌሊት፣ የጥድ ጭስ

(ስለ ካላሽ ሕዝብ በዓላት በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ተውኩት።)

ኢሽፓታ! እንደምን አመሻችሁ።

ይህ የካላሾች ሰላምታ ነው። ለሴት "ኢሽፓታ ባባ" ይላሉ፤ ሰላም እህቴ ማለት ነው። ለወንድ ደግሞ "ኢሽፓታ ባያ"፣ ሰላም ወንድሜ። ለእንግዳም የሚሉት ይህንኑ ነው። እኛም መንገድ ላይ የማናውቀውን ሰው "ወንድሜ" ብለን እንደምናስቆመው ማለት ነው።

ስልካችሁ ላይ "ካላሽ" ብላችሁ ብትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ፎቶ ነው። ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ቀሚሱ ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ጥልፍ፣ ራሳቸው ላይ በዛጎል የተሸፈነ ረጅም ጌጥ። ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። ከፎቶው ሥር ብዙ ጊዜ "የታላቁ እስክንድር ልጆች" የሚል ጽሑፍ አለ። ሰው ፎቶውን ያያል፣ ይገረማል፣ ያልፋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነው ያለፍኩት።

በኋላ እያነበብኩ ስሄድ አንድ ነገር ገባኝ። የካላሽን በዓል ሥሩን ብትቆፍሩ የምታገኙት ፍየል ነው። ፍየሉ መቼ ወደ ተራራ ይወጣል? ወተቱ መቼ ይጠራቀማል? አይቡ መቼ ይወርዳል? ወጠጤው መቼ ይታረዳል? ጭፈራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

ቦታውን ልንገራችሁ። ካላሾች የሚኖሩት በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ ኻይበር ፓኽቱንኽዋ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በቺትራል ነው። ከሂንዱ ኩሽ ተራሮች ሥር፣ ለአፍጋኒስታን ድንበር ቅርብ። ሦስት ጠባብ ሸለቆዎች አሏቸው፦ ቡምቡሬት፣ ሩምቡር እና ቢሪር። ቤቶቹ ዳገቱ ላይ ተደራርበው ስለሚሠሩ የታችኛው ቤት ጣሪያ ለላይኛው ቤት ደጃፍ ይሆናል። ቁጥራቸው ከ3,000 እስከ 4,000 ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር አስቡት። አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ያህል ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ፣ የራሳቸው እምነት፣ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ሁሉ ሙስሊም ነው።

የእስክንድርን ነገር አሁኑኑ ጨርሼ ልለፍ። እስክንድር በዚያ አካባቢ ማለፉ እውነት ነው። ካላሾቹ የእሱ ወታደሮች ዘር ናቸው የሚለው ግን ማስረጃ አልተገኘለትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት የግሪክ ምልክት አላገኘባቸውም። ያገኘው በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሌላው ተለይቶ የኖረ ሕዝብ ነው። የራሳቸው ሽማግሌዎች አባቶቻችን የመጡት ጺያም ከሚባል አገር ነው ይላሉ። ጺያምን ያዙልኝ፣ ስለ ታኅሣሥ ሳወራ እመለስበታለሁ። እኔን የሚያሳዝነኝ አንድ ሕዝብ ሊከበር የሚገባው የሌላ ሰው የልጅ ልጅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ መምሰሉ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ።

በዓል እንዲኖር ቀኑን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ካላሾች ለዚህ "ሱሪ ጃጌክ" የሚሉት ዕውቀት አላቸው። በቋንቋቸው "ሱሪ" ፀሐይ ነው፤ ስሙ ፀሐይን መመልከት ማለት ነው። አዋቂው ከታወቀ ቦታ ላይ ቆሞ ፀሐይ ከየትኛው የተራራ ጫፍ እንደምትወጣ፣ የት እንደምትገባ ይከታተላል። ጥላን ያያል፣ ጨረቃንና ከዋክብትን ያያል። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ተራራው ጥርስ ጥርስ አለው። ስለዚህ ተራራው ራሱ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል። ፀሐይዋ ከዚህኛው ጥርስ ጀርባ ስትወጣ መዝራት፣ ከዚያኛው ጀርባ ስትወጣ ለክረምቱ በዓል መዘጋጀት። (የእነሱ ክረምት እንደኛ የዝናብ ወቅት አይደለም፤ በረዶ የሚጥልበት የታኅሣሥ ሰሞን ነው።) ዩኔስኮ ይህን ዕውቀት በ2018 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። አስቸኳይ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣቱ ቀኑን ስልኩ ላይ ስለሚያገኘው ተራራውን ማየት እየተወ ነው።

የሲዳማን ፍቼ ጨምበላላ የምታውቁ ይህ አዲስ አይሆንባችሁም። እዚያም አያንቶዎቹ ኮከብ አይተው የአዲሱን ዓመት ቀን ይናገራሉ። ፍቼ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ሕዝቦች አይተዋወቁም። ግን ሁለቱም ዘንድ በዓሉ የሚጀምረው ቀና ብሎ ሰማይ በሚያይ ሽማግሌ ነው።

ከበዓላቱ በፊት አንድ ሐሳብ ብቻ ልጨምር፤ ያለ እሱ ምንም አይገባንም። ካላሾች ዓለምን በሁለት ይከፍላሉ። ንጹሕ የሆነውን "ኦንጄሽታ"፣ ንጹሕ ያልሆነውን "ፕራጋታ" ይሉታል። ከፍ ያለው የግጦሽ ተራራ፣ የአማልክቱ መሠዊያ፣ የፍየል በረት ኦንጄሽታ ነው። ፍየል የወንዶች ሥራ ነው። የሸለቆው እርሻ፣ ስንዴው፣ በቆሎው፣ ባቄላው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ "ባሻሊ" ወደሚባል የተለየ ቤት ይሄዳሉ። በቤተ እስራኤል ያደጉ እናቶች የመርገም ጎጆን ያስታውሱ ይሆናል። ባሻሊን ከውጭ የሚያይ ሰው ወዲያው ጭቆና ብሎ ይደመድማል። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሴቶቹ ራሳቸው ባሻሊን ከእርሻ ሥራ የሚያርፉበት፣ ወንድ የማይገባበት፣ እንደ ልብ የሚያወሩበት ቦታ አድርገው ይናገሩለታል። እኔ ለማንም አልፈርድም። እናንተም ከመፍረዳችሁ በፊት እነሱን ስሟቸው።

ዓመቱን ከጸደይ እንጀምር።

ጆሺ፣ ወይም ቺላም ጆሺ፣ የሚውለው በፈረንጆቹ ሜይ አጋማሽ ነው፤ በእኛ በግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ። በረዶው ቀልጧል። ፍየሎቹ ወልደዋል። እረኞቹ መንጋውን ይዘው ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ሊወጡ ነው፤ ከወጡ ደግሞ ወራት ይቆያሉ። ጆሺ ከመለያየት በፊት የሚደረግ በዓል ነው።

ከበዓሉ በፊት አሥር ቀን ያህል ወተቱ አይነካም። በየበረቱ ይጠራቀማል። እኔ ያደግሁት ፍየል ባለበት ቤት ነው። ወተት እያለ አሥር ቀን አለመጠጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ በተለይ ለልጅ ከባድ ነው። ከዚያ ቀኑ ሲደርስ "ቺሪክ ፒፒ" ይባላል፣ ወተት የሚጠጣበት ቀን። ሴቶችና ልጆች ዕቃቸውን ይዘው ወደ በረቱ ደጃፍ ይሄዳሉ፤ ወተቱ ይከፋፈላል። በክረምቱ የተወለዱ ሕፃናትና እናቶቻቸውም በእነዚህ ቀናት የመንጻት ሥርዓት ይደረግላቸዋል። ግልገሉም ሕፃኑም አንድ ላይ ለዓለም ይታያሉ ማለት ይቻላል።

በዋዜማው ልጆችና ሴቶች ቢጫ የዱር አበባ ይለቅማሉ። ቤቱና ቤተ አምልኮው በአበባና በለምለም የዋልነት ቅጠል ያጌጣል። ቤተ አምልኮው "ጄሽታክ ሃን" ይባላል፤ ጄሽታክ የቤተሰብና የቤት ጠባቂ የሆነች አምላካቸው ናት። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ለቅሞ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ደስ ይለዋል። የእኔም ደስ ብሎታል።

ሴቶቹ ለጆሺ አዲስ ቀሚስ ይሰፋሉ። ጨርቁ ጥቁር ነው፤ ጥልፉ ግን በየዓመቱ ይለወጣል። በእጅ በሚዞር የልብስ ስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው ለሳምንታት ይሠራሉ። የዘንድሮው ቀለም ምንድን ነው፣ ማን አዲስ ቅርጽ አመጣ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። "ጥንታዊ ልብስ" ስንል የቆመ ነገር ይመስለናል። የእነሱ ልብስ ግን በየዓመቱ ፋሽን አለው። ኩፓስ የሚባለው ትልቁ የራስ ጌጥ ላይ ያሉት ዛጎሎች የባሕር ናቸው። ከካላሽ ሸለቆ እስከ ባሕር ስንት ተራራና ስንት ሜዳ እንዳለ አስቡ። ንግድ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ድረስ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጭፈራው። ሁለት ከበሮ አለ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። ሽማግሌዎች መሐል ይቆማሉ። ወርቃማ ጥለት ያለው ካባ የለበሰ አዛውንት ያዜማል፤ የቀድሞ ጀግኖችን፣ የጎሳውን ታሪክ፣ የፍየሉን ብዛት እያነሳ። ደስ ያሰኘ እንደሆነ ሰዎች ወጥተው ኮፍያው ላይ ብር ይሰኩለታል። ይህን ሳነብ የእኛ አዝማሪና ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ትዝ አለኝ። ሴቶቹ በዙሪያው ወገብና ትከሻ ተያይዘው ይሽከረከራሉ። በመጨረሻው ቀን ለምለም ቅርንጫፍ እያወዛወዙ ይጨፍራሉ።

ጆሺ የፍቅር ጊዜም ነው። ወጣቶች ይተያያሉ፤ ተስማምተው የኮበለሉ ጥንዶች ወሬ የሚሰማውም በበዓል ሰሞን ነው። እዚህ ላይ ላሳስብ፦ ጠለፋ እያልኩ አይደለም። ልጅቷ ፈልጋ ነው የምትሄደው። ያገባች ሴት እንኳ ሌላ ወዳ ብትሄድ አዲሱ ባል የቀድሞው ባል የከፈለውን ጥሎሽ እጥፍ አድርጎ ይመልስለታል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ሴቶቹ በራሳቸው ምርጫ የመሄድ መብታቸውን በኩራት ያነሱታል።

ከጆሺ በኋላ ወንዶቹና ፍየሎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሸለቆው የሴቶች ይሆናል።

ኡቻል የሚመጣው በነሐሴ አጋማሽ ነው፤ እኛ ቡሄን ባከበርን ማግስት አካባቢ። ገብስና ስንዴው ታጭዷል። ከላይ ደግሞ መንጋው ተራራ ላይ በቆየባቸው ወራት የተሠራው አይብ ይወርዳል። እረኞቹ ያንን አይብ ሲያመጡ ሕዝቡ ይካፈለዋል፤ ከላይ የመጣው ንጹሕ ነገር ከታች ካለው እህል ጋር ይገናኛል። ጭፈራው በሌሊት ነው። በሩምቡር ባላንጉሩ መንደር ላይ ከበሮው ሲመታ ሰዎች በጨለማ ዳገት እየወጡ ይሰበሰባሉ። ስለ ኡቻል ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ከበዓላቱ ሁሉ ቀላሉና የዋሁ እሱ ነው። ጠግቦ ማመስገን ነው።

ቢሪር ብቻ የሚከበር የመጸው በዓልም አለ፣ "ፑ" ይሉታል። ወይኑና ዋልነቱ የሚሰበሰብበት፣ እረኞቹም ከላይ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። ካላሾች የወይን ጠጅ ይጠምቃሉ፤ የቢሪር ወይን ደግሞ ስም አለው።

አሁን ወደ ትልቁ በዓል ደረስን። ቻውሞስ።

ቻውሞስ በዲሴምበር ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ። ቀኑ እያጠረ እያጠረ መጥቶ እጅግ ወደሚያጥርበት ቀን የሚያመራበት ጊዜ ነው። መንጋው በረት ገብቷል። ፍየልና ሰው፣ ወንድና ሴት፣ ሁሉም ሸለቆ ውስጥ ነው። ውጭ በረዶ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆች ደመራ የሚመስል እሳት ያነድዳሉ። ወንዶች ልጆች በአንድ ወገን፣ ሴቶች ልጆች በሌላ ወገን። ውድድሩ የማን ጭስ ከፍ ብሎ ይወጣል ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ እያመጡ ይጨምራሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ይዘፍናሉ። ሌላ ቀን ደግሞ እህሉና ባቄላው ከየቤቱ ተሰብስቦ ይቀቀላል።

በጄሽታክ ሃን ውስጥ ለሞቱት ምግብ የሚቀርብበት ምሽት አለ። የአያት የቅድመ አያት ነፍስ መጥታ ትበላለች ይላሉ። በዓሉ በሕይወት ላሉት ብቻ አይደለም፤ ያለፉትም ተጠርተዋል።

ቀጥሎ መንጻት ይመጣል። ወንዶቹ ዳቦ ይጋግራሉ። አዎ፣ በዚያ ቀን የሚጋግሩት ወንዶቹ ናቸው። እያንዳንዷ ሴትና ልጃገረድ ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ዳቦውን ይዛ ትቆማለች። ወንዱ የሚነድ የጥድ ቅርንጫፍ በራሷ ላይ ያዞራል። የጥድ ጭስ ለእነሱ የንጽሕና ሽታ ነው። ወንዶቹ ደግሞ በመሠዊያው በፍየል ደም ይነጻሉ። በሩምቡር ሳጂጎር የሚባለው የተቀደሰ ቦታ ላይ በዚያ ቀን ብዙ ወጠጤ ይታረዳል። ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀው መንጋ ትልቁን ድርሻውን እዚህ ላይ ይሰጣል።

ከዚያ ወዲያ ሸለቆው ይዘጋል። በዚህ ሥርዓት ያልነጻ ሰው ወደ በዓሉ አይገባም፤ የውጭ እንግዳም፣ ሃይማኖቱን የለወጠ የራሳቸው ዘመድም ቢሆን። ከባድ ይመስላል። ምክንያቱ የሚጠበቀው እንግዳ ነው። ባሉማይን የሚባለው አምላክ በፈረስ ሆኖ ይመጣል። ከየት? ከጺያም። ያዙልኝ ያልኳችሁ አገር። ከአባቶቻቸው አገር መጥቶ፣ ጸሎታቸውን ሰብስቦ፣ ወደዚያው ይመለሳል። በመሠዊያዎቻቸው ላይ ከእንጨት የተቀረጹ የፈረስ ራሶች የምታዩትም ፈረስ በአምልኳቸው ይህን ያህል ቦታ ስላለው ነው።

በእነዚያ ሌሊቶች ችቦ ይዘው ከየመንደሩ እየዘፈኑ ይመጣሉ። ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው ይሰዳደባሉ፤ በግጥም፣ ያውም ነውር በሆነ ግጥም። ወንድ የሴት፣ ሴት የወንድ ልብስ ይለብሳሉ። ዓመቱን ሙሉ በጥብቅ የተለየው ነገር ለጥቂት ሰዓት ይቀላቀላል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከሊጥ የፍየልና የዱር ፍየል ቅርጽ ይሠራሉ፤ መንጋው እንዲበዛ ምኞት ነው። ልጆች አዲስ ልብስ ይለብሳሉ። ቀበሮ ፍለጋም ይወጣሉ፤ ለመጪው ዓመት ምልክት ያዩበታል። ፀሐይዋ ደግሞ ከተራራው ጥርስ ላይ መመለስ ትጀምራለች።

እኔ ቻውሞስን ባነበብኩ ቁጥር የሚነካኝ በሩን መዝጋታቸው ነው። ለምን እንደሚነካኝ ልንገራችሁ።

ከድንበሩ ማዶ ካፊሪስታን የሚባል ሰፊ አገር ነበር። እንደ ካላሾቹ ያሉ ብዙ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር፤ የራሳቸው አማልክት፣ የራሳቸው የክረምት በዓል ነበራቸው። በ1893 እ.ኤ.አ. በአፍጋኒስታንና በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ መካከል ዱራንድ የሚባለው ድንበር ተሰመረ። በ1895 እና 1896 የአፍጋኒስታኑ አሚር አብዱር ራህማን ጦር ዘምቶ አገሩን ያዘው፤ ሕዝቡም እስልምናን ተቀበለ። አገሩ ኑሪስታን፣ የብርሃን አገር፣ ተባለ። ካላሾቹ በመስመሩ በዚህኛው ወገን፣ በቺትራል ገዢ ሥር ስለነበሩ ተረፉ። መትረፋቸው ግን በነጻ አልነበረም፤ ለገዢው ግብር ይከፍሉ፣ ጉልበታቸውን በግዴታ ይሰጡ ነበር። ቺትራል ሙሉ በሙሉ ከፓኪስታን ጋር የተዋሐደችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ከካፊሪስታን ሸሽተው ወደ ሩምቡርና ቡምቡሬት የመጡትም ውሎ አድሮ ሰለሙ። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ይህን የክረምት በዓል በሕይወት ይዘው የቀሩት እነዚህ ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው። በዓመት ለጥቂት ቀን በራቸውን ቢዘጉ ማን ይቀየማቸዋል?

አሁን ያለው ጭንቀት ሌላ ነው። ድሮ ወደ ቺትራል የሚወስደው የሎዋሪ መተላለፊያ በክረምት በበረዶ ይዘጋ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የሎዋሪ ዋሻ ተከፈተ። ታማሚ ሆስፒታል ይደርሳል፣ ዕቃ ይገባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቱሪስቱም አብሮ መጣ። በጆሺ ከጨፋሪው ይልቅ ስልክ የያዘው የሚበዛበት ጊዜ አለ። ሴቶቹን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ያነሳሉ፣ ይከተሏቸዋል፣ ቪዲዮውን ከጸያፍ ቃል ጋር ይለቁታል። ለበዓል የለበሰች ልጅ ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ስትሸፍን ማየት ያማል። ፎቶውን ወደን "ላይክ" የምናደርግ እኛም የዚህ ነገር አካል ነን፣ እውነቱን ለመናገር።

ሁለተኛው ነገር ብዙም ፎቶ አይነሳም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። መሆንም አለባቸው። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምረዋል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመካከላቸው አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ግን ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ ክረምትና በጋ መንጋ አይከተልም። ቱሪስት መቀበል ከእረኝነት ይልቅ ገንዘብ ያመጣል። ጭፈራው ሊቀጥል ይችላል፤ ከበሮ መምታት አይከብድም። ፍየሉ ሲያንስ ግን የሚጠራቀም ወተት አይኖርም። ከላይ የሚወርድ አይብ አይኖርም። ሳጂጎር ላይ የሚታረድ ወጠጤ አይኖርም። እኔ የምፈራው ጭፈራው እንዳይጠፋ አይደለም። ጭፈራው ብቻውን እንዳይቀር ነው።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እናት ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ልጄ፣ እዚያ የሚሄድ ሰው ምን ይዞ ይሂድ፣ ምን አይቶ ይመለስ?" አሉኝ። እንዲህ አልኳቸው፦ እናቴ፣ በግንቦት ይሂድ፤ ታኅሣሥን ለእነሱ ይተውላቸው። ካሜራውን ሳያስፈቅድ አያውጣ። ከጭፈራው ሜዳ ቀድሞ ደግሞ በማለዳ ይነሳ። በወተቱ ቀን ሴቶቹ ዕቃቸውን ይዘው ወደ በረቱ ሲወጡ፣ ከራቅ ብሎ ይቁምና ዕቃው ሲመለስ ምን ያህል እንደሞላ ይይ።